ኪኒኑ ከእርግዝና በፊት ይድረስ፦ የጋራ ረቂቃችን

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ልጆች ህብለ ሰረሰራቸው ሳይገጥም እንዳይወለዱ ለጤና ጣቢያው የምናቀርበው ረቂቅ ዋና ነጥቡ ይህ ነው፦ «ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶች ሁሉ ፎሊክ አሲድ የተባለውን የቫይታሚን ኪኒን እንዲያገኙ።» አስተያየት ስጡበት።

አዋላጅ ነርስ፦ ይጠቅማል፤ ግን ለእኛ ጉዳይ ይዘገያል። በጽንሱ ላይ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው አካል መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ ግራና ቀኙ ብድግ ብሎ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ያልቃል። ከታች ሳይገጥም ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው ነው። በዚያን ጊዜ ሴትየዋ ገና «የወር አበባዬ ምነው ዘገየ?» እያለች ነው። እኔ ጋ ብዙዎቹ የሚመጡት በአራተኛው ወር ነው። ኪኒኑን እሰጣታለሁ፣ ለደም ማነስም ይረዳታል። ቱቦው ግን ጉዳዩን ከጨረሰ ሁለት ወር አልፎታል።

አንዲት እናት፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ልጄ ሲወለድ ወገቡ ላይ የቡና ሲኒ የሚያክል እብጠት ነበረው። ቆዳው ስስ፣ ውስጡ ውሃ። ጎረቤት «ቀትር ላይ ወንዝ ወርደሽ ነው» አለችኝ። ስንት ጊዜ ራሴን እንደወቀስኩ! ስለ ፎሊክ አሲድ የሰማሁት ለቀዶ ጥገና ስንተኛ ነው። እባካችሁ «የእናት ጥፋት አይደለም» የሚል ይግባበት።

ፋርማሲስት፦ ይግባ። መጠኑም ይጻፍ፦ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት። ይህ ችግር በልጇ ላይ አንዴ ለገጠማት ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ያዝላታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ትልቅ ጥናት ድጋሚ የመከሰት ዕድሉን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁሉንም ግን አያስቀርም፤ ዘርም፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርም አለበት። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮቴት የተባለ መድኃኒትም ዕድሉን ይጨምራል፤ የምትወስድ ካለች ግን በራሷ አታቋርጥ፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

አንድ አባት፦ ዱቄት ላይ ቢጨመርስ? አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በግዴታ ታደርገዋለች።

አዋላጅ ነርስ፦ ጋሼ፣ መልካም ነው። ግን ጤፋችን የሚፈጨው ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው፤ የፋብሪካ ዱቄት ብቻ አይበቃንም። እኔ የምለው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉን እንያዝ። ሴትዮዋ ከክንዷ ላይ መከላከያውን ልታስወጣ ስትመጣ ልጅ አስባለች ማለት ነው። ያኔ ኪኒኑን በእጇ እንስጣት።

ጸሐፊ፦ ይሄ ነው! ዋናውን ነጥብ ቀየርኩት፦ «መከላከያ ለማቆም የመጣች ሴት ሁሉ በዚያው ቀን ፎሊክ አሲድ ይዛ ትሂድ።» የእናትየዋ ቃል ከሥሩ ገብቷል። ማክሰኞ ወደ ጤና ጣቢያው ከእኔ ጋር ማን ይሄዳል?

አንዲት እናት፦ እኔ አለሁ። ልጄንም ይዤ እመጣለሁ።