ዩኤፋ ዩዝ ሊግ፦ ሻምፒዮንስ ሊግ ውስጥ የሌለ ክለብ እንዴት ፍጻሜ ይደርሳል? የዕድሜ ገደቡስ እንዴት ይቆጠራል?

ግራ_ክንፍ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የአውሮፓ ክለቦች አካዳሚዎች የሚወዳደሩበትን ዩዝ ሊግ በቅርብ የምትከታተሉ ካላችሁ አራት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ባርሴሎና በ2025 ዋንጫውን ያነሳው የቱርኩን ክለብ ትራብዞንስፖርን 4 ለ 1 አሸንፎ ነው። የትራብዞንስፖር ዋናው ቡድን ግን በዚያ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ አልነበረም። ታዳጊዎቹ በየት በኩል ገቡ?

ሁለተኛ፣ ውድድሩ ከ19 ዓመት በታች ነው ይባላል፤ 19 የሞላቸው ልጆች ግን ሲሰለፉ ይታያል። ልደት የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?

ሦስተኛ፣ ጥሎ ማለፉ ላይ 90 ደቂቃው በአቻ ሲያልቅ ያለ ተጨማሪ ሰዓት መለያ ምት ይመታሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?

አራተኛውና ዋናው፣ አገር ቤት ያለ ልጅ ወይም ከቤተሰቡ ጋር አውሮፓ የገባ ልጅ እዚህ ውድድር ላይ እንዲሰለፍ ደንቡ ምን ይላል? "አውሮፓ አካዳሚ ሙከራ እናስገባለን" የሚሉ ማስታወቂያዎች ስለበዙ ወላጆች ትክክለኛውን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ስምንት_ቁጥር፦

መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው በዋናው ቡድን በኩል የሚገኝ ነው፤ ሻምፒዮንስ ሊግ የሊግ ዙር (ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ የሚወዳደሩበት ዙር) ላይ የገቡት 36 ክለቦች ታዳጊዎቻቸው ያለ ማጣሪያ ይገባሉ። የሚገጥሟቸውም ዋናው ቡድን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች የሚገጥማቸውን ክለቦች ነው፤ ሦስቱ በሜዳቸው፣ ሦስቱ ከሜዳ ውጪ። ዋናው ቡድን ስምንት ሲጫወት ታዳጊዎቹ ስድስት ላይ ያቆማሉ፤ በጥር ያሉት ሁለት ጨዋታዎች እነሱን አይመለከቱም። ከ36ቱ እስከ 22ኛ ደረጃ ያሉት ያልፋሉ።

ሁለተኛው መግቢያ የየአገሩ የታዳጊ ሊግ ሻምፒዮኖች ነው። ዋናው ቡድን የት እንዳለ አይጠየቅም። ልጆቹ በአገራቸው በዕድሜያቸው ሻምፒዮን ከሆኑ ይበቃል። እነዚህ በደርሶ መልስ እስከ ሦስት ዙር ተጫውተው አሥር ይቀራሉ። 22 እና 10 ሲደመሩ 32 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፍጻሜ ድረስ ሁሉም በአንድ ጨዋታ ይለያል። ልብ በሉ፣ 32ቱ በሚገናኙበት ዙር ከአገር ሻምፒዮኖች መንገድ የመጡት አሥሩ በሜዳቸው ነው የሚጫወቱት። ትራብዞንስፖር ዩቬንቱስን ያስወጣው በዚህ መንገድ ነው።

በይነመረብ ላይ የቆየ ጽሑፍ ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። እስከ 2023/24 ድረስ 32 ክለቦች በስምንት ምድብ ነበር የሚጫወቱት። ውድድሩ ሲጀመር በ2013/14 እና በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአገር ሻምፒዮኖች መግቢያ ጭራሽ አልነበረም፤ የተከፈተው በ2015/16 ነው።

ስለ መለያ ምቱ፦ አዎ፣ ሁልጊዜ ነው፤ ፍጻሜውም ላይ ተጨማሪ ሰዓት የለም። በደርሶ መልሱም ድምሩ እኩል ከሆነ ሁለተኛው ጨዋታ እንዳለቀ ወደ መለያ ምት ነው፤ ከሜዳ ውጪ የገባ ግብ ብልጫ አይሰጥም። በ2024 ሁለቱም የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች በዚህ ነው የተለዩት፦ ኦሊምፒያኮስና ናንት 0 ለ 0፣ ሚላንና ፖርቶ 2 ለ 2። ይህ የአሰልጣኙን የቅያሬ ስሌት ይለውጠዋል። በአዋቂዎች ውድድር ገና 30 ደቂቃ አለ ተብሎ የሚደረግ ቅያሬ እዚህ አይሠራም። 75ኛው ደቂቃ ላይ ውጤቱ እኩል ከሆነ፣ መቺዎቹን እንደደከሙ አይቶ የሚያስወጣ አሰልጣኝ ከሩብ ሰዓት በኋላ መለያ ምት ያልተለማመደ ተከላካይ ለመላክ ይገደዳል። ቢያንስ አምስት መቺ ሜዳ ላይ መቅረቱን ሳያረጋግጡ የመጨረሻውን ቅያሬ መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው።

የታዳጊ_ሜዳ፦

የዕድሜውን እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሚታየው ጨዋታው ቀን ላይ ስንት ዓመት ሞላው የሚለው አይደለም። የልደት ዓመት ነው የሚታየው፤ መቁረጫው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ነው። ለ2025/26 ውድድር ከጃንዋሪ 1፣ 2007 ጀምሮ የተወለደ ይሰለፋል። ስለዚህ በጃንዋሪ 2007 የተወለደ ልጅ ውድድሩ መሀል ላይ 19 ይሞላዋል፤ ምንም ችግር የለውም። ከዚህ በተጨማሪ ክለቡ ከሚያስመዘግባቸው 40 ተጫዋቾች ውስጥ አምስቱ በአንድ ዓመት የሚበልጡ፣ ማለትም በ2006 የተወለዱ መሆን ይችላሉ። በአንድ ጨዋታ ግን ከአምስቱ ሦስት ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት። "ይሄ ልጅ ትልቅ ነው" እየተባለ የሚታማው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የኛ ልጆች ጣጣ የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጃንዋሪ 1፣ 2007 በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ነው። በ1999 ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ የልደት ዓመቱን ለማግኘት 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። ኅዳር 10 ቀን 1999 የተወለደ ኖቬምበር 19፣ 2006 ነው፤ ለ2025/26 ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ካልተመዘገበ አይሰለፍም። ጥር 10 ቀን 1999 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 18፣ 2007 ነው፤ ያለ ምንም ገደብ ይገባል። ልዩነታቸው ሁለት ወር ነው፤ አንድ ክፍል ሊማሩም ይችላሉ። በጥር የተወለደውን ልጅ ቀበሌ ወይም ትምህርት ቤት "7 ደምር" ብሎ 2006 ቢጽፍበት ሙሉ አንድ ዓመት ይወሰድበታል።

ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ጃንዋሪ 1 በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣና ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። 2000 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ለ2026/27 መቁረጫው ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ይሆናል።

ሌላው፣ በስደት ገብተው ትክክለኛ ቀናቸው ያልታወቀ ልጆች ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይጻፍባቸዋል። ደንቡ "ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ" ስለሚል ዓመቱ ትክክል ከሆነ ቀኑ አይጎዳም። የሚጎዳው ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ ቀን፣ የመጀመሪያው ክለብ መዝገብ ሦስተኛ ቀን ሲይዙ ነው። ልጁ ገና ለሰፈር ክለብ ሲመዘገብ ሦስቱን አስተካክሉ። በ17 ዓመት አካዳሚ ደጃፍ ላይ የሚደረግ የልደት ቀን ለውጥ እውነት ቢሆን እንኳ ጥርጣሬ ያመጣል።

ከሜዳ_ውጪ፦

በስምንት_ቁጥር ላይ ልጨምር። ከአገር ሻምፒዮኖች መንገድ የሚመጡት እንዲያው ለማሟያ የገቡ አይምሰላችሁ። ሳልዝቡርግ በ2017፣ አልክማር በ2023፣ ኦሊምፒያኮስ በ2024 ዋንጫ የወሰዱት በዚህ መንገድ ነው። በ2023ማ ሁለቱም የፍጻሜ ተፋላሚዎች፣ አልክማርና ሃይዱክ ስፕሊት፣ ከዚያው የመጡ ነበሩ፤ 5 ለ 0 አለቀ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቅ ክለብ ያለው የ18 ዓመት ድንቅ ልጅ ዩዝ ሊግ ላይ አይቆይም። ወይ ዋናው ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ወይ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ከአዋቂዎች ጋር ይጫወታል፣ ወይ በውሰት ሄዷል። ላሚን ያማል ለባርሴሎና ዋናው ቡድን የተሰለፈው በኤፕሪል 2023 ገና በ15 ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ በዕድሜው ዩዝ ሊግ ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር። ዋናው ቡድን ጉዳት ሲበዛበት ደግሞ ጨዋታው አንድ ቀን ሲቀረው ሁለትና ሦስት ልጅ ከታዳጊው ይነሳል፤ አሰልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ የሠራበት አሰላለፍ ይፈርሳል። የአገር ሻምፒዮኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮ የተጫወተ ቡድኑን ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ እስከ ሦስት ዙር ደርሶ መልስ፣ ማለትም እስከ ስድስት ጥሎ ማለፍ ተጫውቷል። ቀጥሎ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት፣ በአንድ ጨዋታ ይለያል።

ለዚህ ነው የዩዝ ሊግ ውጤት አይቶ "የዚህ ክለብ አካዳሚ ወድቋል" ማለት ተገቢ የማይሆነው። አካዳሚ የሚመዘነው ስንት ልጅ ወደ ዋናው ቡድን አሻገረ በሚለው ነው። በ2024 ፍጻሜ ሚላንን 3 ለ 0 ያሸነፈው ኦሊምፒያኮስ ክሪስቶስ ሙዛኪቲስን ለዋናው ቡድን ማድረሱ ለእኔ ከዋንጫው ይበልጣል።

ግራ_ክንፍ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የታኅሣሥ 23ቱን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አራተኛውን የሚመልስልኝ አለ? ጨዋታዎቹ በኛ ሰዓት ስንት ላይ እንደሚሆኑም ብትነግሩኝ።

ስቶክሆልም_19፦

አራተኛውን ልሞክር። ወሳኙ የዩኤፋ ደንብ ሳይሆን የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ነው። መሠረቱ አጭር ነው፦ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር አይዛወርም። የሚፈቀደው በጥቂት ሁኔታ ነው። ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር በማይያያዝ ምክንያት አገር ከቀየሩ፣ ዝውውሩ በአውሮፓ ኅብረትና በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ሆኖ ልጁ ከ16 እስከ 18 ከሆነ፣ ልጁም ክለቡም ከድንበር በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆኑ፣ ወይም ልጁ ያለ ወላጅ የተሰደደ ከሆነ። የእንግሊዝ ክለቦች አገራቸው ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ የ16 ዓመቱን በር አጥተዋል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ የ15 ዓመት ልጅ ሙከራ ቢያልፍም ክለቡ ሊያስመዘግበው አይችልም። ወላጁን "ሥራ እናስገባለን" ብሎ ከልጁ ጋር መውሰድም አይሠራም፤ ፊፋ የሚመረምረው ቤተሰቡ የሄደው ለምን እንደሆነ ነው። ይህን ሸሽጎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ውሸታም ነው።

ከቤተሰቡ ጋር የገባ ልጅ ፋይሉ እንዲህ ይዘጋጃል፦ የልጁና የወላጆቹ ፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የወላጅ የሥራ ውል ወይም ወደ አገሩ የገባበትን ምክንያት የሚያሳይ ሰነድ፣ የመኖሪያ አድራሻ። ክለቡ በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ያቀርባል፤ ወላጅ በቀጥታ ለፊፋ አይጽፍም። አገር ቤት ተመዝግቦ ይጫወት የነበረና 10 ዓመት የሞላው ልጅ ከኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ወረቀትም ያስፈልገዋል። የትም ተመዝግቦ የማያውቅ፣ የዚያ አገር ዜግነት የሌለው ልጅ ደግሞ እዚያ ያለማቋረጥ አምስት ዓመት ከኖረ ይህ ሁሉ አይጠየቅም። ፋይል የሚጓተተው ብዙ ጊዜ የወላጅና የልጅ ስም ሰነዶቹ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ሲሰፍር ነው።

አገር ቤት ለቀረው ልጅ የሚሆነው ምሳሌ ዛምቢያዊው ፓትሰን ዳካ ነው። ኦክቶበር 1998 ተወለደ፣ 18 ከሞላው በኋላ በ2017 መጀመሪያ ወደ ሳልዝቡርግ ቤት ሄደ፣ በዚያው ኤፕሪል ቤንፊካ ላይ በዩዝ ሊጉ ፍጻሜ የአቻነቷን ግብ አገባ፤ 2 ለ 1 አሸነፉ። እንግዲህ ጊዜው ጠባብ ነው፤ የልደት ወርም ይወስናል። ፌብሯሪ 2008 የተወለደ 18 ሲሞላው በቀጣዩ የክረምት (የሐምሌና የነሐሴ) ዝውውር ሄዶ የ2026/27ን ውድድር ከመጀመሪያው ይጫወታል። ኖቬምበር 2008 የተወለደ ግን የሚመዘገበው ጃንዋሪ 2027 ላይ ነው፤ የሊግ ዙሩ አልቋል፣ የቀረው ጥሎ ማለፍ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዕድሜ ከሚበልጡት አምስት አንዱ መሆን አለበት።

እስራኤል ላላችሁ፦ እስራኤል የዩኤፋ አባል ስለሆነች የዚያ ክለቦች ታዳጊዎች በሁለቱም መግቢያ ሊመጡ ይችላሉ፤ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅን የአንቀጽ 19 ጣጣ አይነካውም።

ስምንት_ቁጥር፦

ሰዓቱን ልንገርህ። ጨዋታዎቹ ዋናው ቡድን በሚጫወትበት ቀን ወይም አንድ ቀን ቀድሞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደረጉት፤ ብዙ ጊዜ በልምምድ ማዕከል ሜዳ። በመካከለኛው አውሮፓ 14፡00 የሚጀምር ጨዋታ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር በኛ 9 ሰዓት ነው። በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ እነሱ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ያው ጨዋታ 10 ሰዓት ይሆናል፤ 16፡00 የሚጀምረው ደግሞ 12 ሰዓት። በማርች መጨረሻ ተመልሶ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ ለግማሽ ፍጻሜና ለፍጻሜ የኖቬምበር እስከ ማርቹን ስሌት አትጠቀም፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ያመልጥሃል። ብዙዎቹን ጨዋታዎች የዩኤፋ የራሱ የቪዲዮ ገጽ በነጻ ያሳያል። በየሜዳው ያለው ካሜራ ጥቂት ስለሆነ አሰላለፉን ከጨዋታው በፊት ከክለቡ ገጽ አውጥተህ ያዝ፤ ያለዚያ የማልያ ቁጥር ለመለየት ትቸገራለህ።