ክርክር፦ «አዲስ አበባ እኮ ዳር ላይ ናት» ማለት ምን ማለት ነው?

የለሚው አባወራ፦
ትናንት ማታ አንድ አባላችን የየካቲት 7 ቀን 2017ቱን በመጠን 6.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎ የጻፈውን አንብቤ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። «ሰው በከንቱ አይሸበር፣ አዲስ አበባ እኮ ዳር ላይ ናት፣ ስምጥ ሸለቆው መሃል አይደለችም» ይላል። እሺ ዳር ላይ ናት እንበል፣ ዳር ላይ መሆን የምን ዋስትና ነው? እኔ ኮንዶሚኒየም ላይ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ መስከረም 26 ማታ ነቀነቀን፣ ታህሳስ 26 ሌሊት ነቀነቀን፣ አሁን ደግሞ የካቲት። ሦስቱንም ጊዜ ልጆቼን አቅፌ በደረጃ ወርጃለሁ። የተማረ ሰው ሊያስረዳን ሲገባ ተኙ ይለናል እንዴ?

ጂኦ ልጅ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልሰርዘውም። ተኙ አላልኩም፣ አትሸበሩ ነው ያልኩት። መንቀጥቀጡ ያለበት የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ እየሆነ ያለው ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ከታች ተነስቶ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ተራራ በስንጥቅ ውስጥ እየገባ ነው፣ በሳተላይት ራዳር ምስል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማግማው ድንጋዩን ወዲህና ወዲያ ሲገፋ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። የኑቢያ ፕሌትና የሶማሊያ ፕሌት (የምድር ቅርፊት ትልልቅ ክፋዮች) በዚያ መስመር በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን የሚሸከመው መሃል ያለው የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ነው። ዳር ላይ ያሉት ትልልቅ ስንጥቆች ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ሥራቸውን ሰርተው አሁን በአብዛኛው ጸጥ ብለዋል። «ዳር» ስል ይሄን ነው፣ አመለካከት አይደለም፣ የተለካ ነገር ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ትምህርትህን አከብራለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በግንቦት 1953 የደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ የሆነውን መንቀጥቀጥ ታውቃለህ? እኔ ያኔ ሸዋሮቢት ልጅ ነበርኩ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሜዳ ላይ ነበር የሚያድረው። ማጀቴ ፈረሰች፣ የደሴው መንገድ ተሰነጣጠቀ፣ ገደሉ ድንጋይ እያወረደ መኪና አላሳልፍ አለ። ካራቆሬ ካርታ ላይ የት ናት? መሃል ናት? የምዕራቡ ገደል ስር፣ አንተ ጸጥ ብሏል ያልከው ዳር ላይ ናት።

የለሚው አባወራ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን! ይሄ ነው መልሱ። ዳር ላይ ያለች ማጀቴ ፈርሳ ዳር ላይ ያለች አዲስ አበባ በምን ተለይታ ነው የምትድነው?

ጂኦ ልጅ፦
ጋሼ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ግን ዳርና ዳር አንድ አይደለም። የካራቆሬው ዳር የአፋር ዳር ነው፣ ከቦርከና እስከ ሮቢ ያሉት ጠባብ ሸለቆዎች ዛሬም ይንቀሳቀሳሉ። የአዲስ አበባው ዳር የዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ዳር ነው፣ ባህሪው ይለያል።

ሲቪሉ፦
«ዳርና ዳር አንድ አይደለም» 😄 ትናንት አንድ ዳር ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሆነ፣ ነገ ስንት ዳር ይመጣል?

ጂኦ ልጅ፦
መሳቅ ትችላለህ፣ መሬት ግን አንድ ወጥ አይደለችም። አፋር ላይ ሦስት ፕሌቶች ናቸው የሚገናኙት፣ የአረቢያው ፕሌት የሚርቅበት ፍጥነት የኛን ብዙ እጥፍ ነው። በመስከረም 1998 ዳባሁ ላይ በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተከፍቶ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ያንን ከሱሉልታና ከለገጣፎ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው።

ሲቪሉ፦
ማንም ሱሉልታ 8 ሜትር ይከፈታል አላለም፣ ያላልነውን አታስብለን። ሰው የሚገድለው የሚከፈተው መሬት ሳይሆን የሚወድቀው ቤት ነው። በ1898 በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው አዲስ አበባን አናውጧታል፣ ያኔ ከተማዋ ጎጆና ጭቃ ቤት ስለነበረች ተረፈች። ዛሬ ያው መንቀጥቀጥ ያው ቦታ ላይ ቢደገም ከተማዋ ያው ናት?

የመተሐራ ልጅ፦
እናንተ ዳር፣ መሃል ትላላችሁ። እኛ መሃል ነን። አዋሽ ፈንታሌ፣ ሳቡሬ፣ ከሰም፣ መተሐራ። መንግስት ራሱ ወደ 80 ሺህ ሰው ከቦታው እየወጣ ነው ብሎ ተናግሯል። ከብቱን ትቶ የወጣ አለ፣ ሸራ ስር በብርድ ያለ አለ፣ ቤቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ደጁ ላይ የሚተኛ አለ። ታህሳስ 25 ዶፈን ላይ መሬት ተቀዶ እንፋሎት ሲወጣ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ? እዚህ ግን ሙሉ ቀን የምታወሩት ስለ አራተኛ ፎቅ ነው።

የለሚው አባወራ፦
ወንድሜ ልክ ነህ ግን ስለ ራሴ ቤተሰብ መጨነቄ ያንተን መካድ አይደለም።

የመተሐራ ልጅ፦
መካድ አላልኩም። አዲስ አበባ ሲነቀነቅ ነው ዜና የሚሆነው ነው ያልኩት። እኛን ከመስከረም ጀምሮ ነው የሚነቀንቀን፣ ያውም በቀን ብዙ ጊዜ።

አባይ የኛ፦
ማንም ያላነሳውን ልናገር፣ ይሄ ሁሉ የጀመረው ህዳሴው ውሃ ከያዘ በኋላ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነት አለው?

ሲቪሉ፦
ኧረ በፈጠረህ! ይሄን የሚነዙት እነማን እንደሆኑ አጥተኸው ነው? ግድቡ ያለበት ጉባ የት፣ ፈንታሌ የት? ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ርቀቱ።

አባይ የኛ፦
ስሜ ላይ አባይ ተጽፎ ግድቡን እጠላለሁ? ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። ግድብ መንቀጥቀጥ ያመጣል ሲባል አንብቤያለሁ።

ጂኦ ልጅ፦
ግድብ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። ህንድ ውስጥ ኮይና ግድብ አጠገብ በታህሳስ 1960 ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ሰው ጨርሷል፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር ላይ ባለው የካሪባ ግድብም ታይቷል። ግን እነዚህ ሐይቁ ስር ወይም እዚያው አጠገቡ የተነሱ ናቸው። የውሃ ክብደት 500 ኪሎ ሜትር ዘሎ ሌላ ቦታ ያለ ማግማ አይቀሰቅስም። ፈንታሌ እኮ ከ200 ዓመት በፊትም ፈንድቷል፣ ያኔ ጉባ ላይ ምን ግድብ ነበር? እንዲያውም ስለ ግድብ ማውራት ከፈለጋችሁ ከሰም ግድብን አንሱ፣ እሱ ነው መንቀጥቀጡ ሰፈር ውስጥ ያለው።

የመተሐራ ልጅ፦
ተመስገን፣ አንድ ሰው ከሰምን አነሳ። ከግድቡ በታች ያለው ገበሬና የስኳር ሰራተኛ ማታ ማታ ጆሮው ወደ ግድቡ ነው። ማን መጥቶ ምን አየ፣ ምን አገኘ፣ ለህዝቡ በቋንቋው ይነገረው። የባለሙያ ቃል የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ጂኦ ልጅ፦
በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የለሚው አባወራ፦
እኔ ግን ወደ ነገሬ ልመለስ። ጂኦ ልጅ፣ ፍልውሃስ? ከተማዋ የተቆረቆረችው በፍልውሃው ምክንያት አይደል እንዴ። ያ ሙቅ ውሃ በምን ወጣ? በስንጥቅ አይደለም? እንግዲህ ስንጥቁ ከተማችን ስር ነው ማለት ነው፣ አንተ 130 ኪሎ ሜትር ትለኛለህ።

ጂኦ ልጅ፦
የፍልውሃ ስንጥቅ አለ፣ ማንም አልካደም። ስንጥቅ መኖርና ስንጥቅ ዛሬ መንቀሳቀስ ግን ይለያያል። ሙቅ ውሃ የቆየ ስንጥቅ ውስጥም ይወጣል።

ሲቪሉ፦
«ጸጥ ብለዋል» ያልከውን አሁን ልያዝልህ። ጸጥ ማለታቸውን በምን አወቅህ? በጂፒኤስ ነው አይደል? ጂፒኤስ እዚህ አገር መለካት ከጀመረ አንድ የሰው ልጅ ዕድሜ እንኳን አልሞላውም፣ የመሳሪያ ምዝገባ ራሱ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1950ዎቹ መግቢያ ነው። በሺህ ዓመት አንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ቢኖር በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ጸጥ ብሎ ነው የሚታይህ።

ጂኦ ልጅ፦
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን መልስ አለው። ጂፒኤስ ብቻ አይደለም፣ ወጣት ላቫ የት እንደፈሰሰ፣ ወጣት ስንጥቅ የትኛውን ድንጋይ እንደቆረጠ ይታያል። እሱ ሁሉ ወደ መሃል ነው የሚያመለክተው። ማስረጃ የለህም ማለት አትችልም።

ሲቪሉ፦
ማስረጃ የለህም አላልኩም። ማስረጃህ የሚነግረን ስለ አብዛኛው ነው፣ የሕንፃ ኮድ የሚጨነቀው ደግሞ ስለ ቀሪው ነው። ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የድሮው ኮድ የ100 ዓመት ተመላላሽ፣ ማለትም በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነበር የሚያሰላው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው፣ ይሄም በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በሁለቱ ኮዶች መካከል ባሉት ዓመታት የተገነባውን ኮንዶሚኒየም ሁሉ አስቡት፣ ዲዛይኑ በየትኛው ነው? በድሮው ነው። ያውም ወረቀቱ ላይ ያለው በትክክል ተሰርቶ ከሆነ ነው።

እህት ከሃይፋ፦
ከእስራኤል ነኝ፣ ትንሽ ልበል። የሙት ባህር ስንጥቅ ከቀይ ባህር ጋር ተያይዞ ወደ አፋር የሚወርደው የዚያው የአረቢያ ፕሌት ድንበር ነው፣ ፍጥነቱም እንደናንተው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። እዚህ የመጨረሻው ትልቅ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1927 ኢያሪኮ አካባቢ የደረሰው ነው። ያንን የሚያስታውስ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ልጆቼ ትምህርት ቤት ልምምድ ያደርጋሉ፣ ከ1980 በፊት የተሰሩ ሕንፃዎችን ለማጠናከር ታማ 38 የሚባል ፕላን ወጥቶ ነበር። ፍጥነቱ አንድ ነው፣ ዝግጅቱ ግን ይለያያል፣ እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

ጂኦ ልጅ፦
እህቴ እዚያ ያለው ፕሌቶቹ ጎን ለጎን የሚተሻሹበት ስንጥቅ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ተቆልፎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቀው። እኛ ጋ መሬቱ ይራራቃል፣ ማግማም ገብቶ ጫናውን ያስተነፍሳል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ 7 እና 8 የሚደርስ አይመጣም። ፍጥነቱ ስለተመሳሰለ አደጋው አይመሳሰልም።

እህት ከሃይፋ፦
ለማጀቴ ከ7 በታች በቂ ነበር እኮ ወንድሜ።

ጡረተኛው መምህር፦
አፋር ላለችው ሰርዶም በቂ ነበር። በ1961 ሰርዶ ከተማ እንዳልነበረች ሆነች። ትንሽ ነው፣ መካከለኛ ነው የሚለው ከሩቅ ለሚለካው ነው።

አባይ የኛ፦
ሐዋሳም በ2008 ጥር ከ5 በታች ነበር፣ ተማሪዎች ሲሯሯጡ ተጎዱ አይደል? ያ በፍርሃት ነው፣ ሕንፃ ወድቆባቸው አይደለም። እዚህ ላይ ጂኦ ልጅ አትሸበሩ ማለቱ ልክ ነው እኮ።

የለሚው አባወራ፦
አሁን ደግሞ አንተም ዞርክ? ሰው የሮጠው ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት ስላልነገረው ነው። አትሸበሩ ብቻ ሲባል ምን ይደረግ? ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ ከመስታወት ራቁ፣ በደረጃ አትጋፉ የሚል ነገር በየብሎኩ ለምን አይለጠፍም? እኔ ራሴ ሦስቴ በደረጃ የወረድኩት የሚነግረኝ ጠፍቶ ነው።

ሲቪሉ፦
እኔ የምላችሁ ወርዳችሁ የምድር ቤቱን እዩ። ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው ተከፍቶ ኮለን ብቻ የቀረበት ሕንፃ ካለ፣ ላይ አራት ፎቅ በብሎኬት ተደፍኖ ታች ባዶ ከሆነ፣ ሲነቀነቅ መጀመሪያ የሚታጠፈው ያ የታችኛው ነው። ኮለኑ ከሶሌታው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) መጠጋጋት አለበት፣ ሳይት ላይ ግን ፌሮ ለመቆጠብ አራርቀው የሚያስሩ አሉ፣ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማን ያየዋል? በዚያ ላይ ቦሌና ለሚ አካባቢ መረሬ አፈር ነው፣ ለስላሳ አፈር ደግሞ ንቅናቄውን ያጎላዋል። ለዚህ ነው ዳር ላይ ናት የሚለው የሚያናድደኝ፣ ይሄን ሁሉ የሚሸፍን ቃል ሆኖ ለገንቢውም ለተቆጣጣሪውም ይመቻል።

ጂኦ ልጅ፦
ገንቢው ስታፋ ቢሰርቅ የኔ ጥፋት ነው እንዴ? እኔ ስለ መሬት ነው የተናገርኩት። አንተ ስለ ሕንፃ ተናገር። መሬቱ ላይ የሌለ አደጋ ፈጥረህ ሕንፃ ለማስተካከል አትጠቀምበት፣ በኋላ ሰው ሁለታችንንም አያምንም።

ሲቪሉ፦
የሌለ አደጋ አልክ? ጻፈው፣ «አዲስ አበባ ላይ አደጋ የለም» ብለህ ስምህን አድርገህ ጻፈው።

ጂኦ ልጅ፦
የለም አላልኩም፣ ዝቅተኛ ነው አልኩ፣ ከአዋሽና ከአዳማ ጋር ሲነጻጸር።

ሲቪሉ፦
ትናንት «በከንቱ አይሸበር»፣ ዛሬ «ዝቅተኛ ነው»። እየተጠጋህ ነው፣ ቀጥል።

የመተሐራ ልጅ፦
«ከአዋሽ ጋር ሲነጻጸር» አልክ። በናንተ ክርክር ውስጥ እኛ መለኪያ ብቻ ሆነን ቀረን ማለት ነው? ዛሬ ሳቡሬ የሚሄድ ብርድ ልብስና የመጠጥ ውሃ እያሰባሰብን ነው፣ ከዳሩም ከመሃሉም መርዳት የሚችል በውስጥ ይጻፍልኝ።

የለሚው አባወራ፦
ጻፍኩልህ። ጂኦ ልጅ ግን እስካሁን አልመለሰልኝም፣ ፍልውሃ ስር ያለውን ስንጥቅ ዛሬ አይንቀሳቀስም ብሎ ጉድጓድ ቆፍሮ ያየው ማን ነው?

ጂኦ ልጅ፦
ቦይ ተቆፍሮ መጠናት አለበት ብለን እኛም እኮ ነው የምንጠይቀው! ከተማ ውስጥ የት ታስቆፍረኛለህ፣ ሁሉ ቦታ ሕንፃ ተሰርቶበት?

ሲቪሉ፦
እሱን ነው እኮ የምልህ፣ አልተጠናም። ያልተጠና ነገር ላይ አትሸበሩ ብለህ አትፍረድ።

ጂኦ ልጅ፦
ያልተጠና ነገር ላይ አንተም ተሸበሩ ብለህ አትፍረድ።