የስለላ መረጃ በኑክሌር ተንታኝ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አለውን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። መቀመጫውን ቪየና ያደረገው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ አገሮች ያላቸውን የኑክሌር ቁስ በሙሉ ማሳወቃቸውንና ወደ ጦር መሣሪያ አለማዞራቸውን የሚያረጋግጠው በተቆጣጣሪዎቹ ጉብኝት ብቻ አይደለም። የአገሮችን መግለጫ ከሳተላይት ምስሎች፣ ከንግድ መዛግብትና ከሳይንስ ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክሩ የመረጃ ተንታኞችም አሉት። እነዚህ ተንታኞች አንድ አባል አገር ስለ ሌላው ሰልሎ የሚያቀብላቸውን መረጃ ሊጠቀሙበት ይገባል ወይስ አይገባም? ተከራካሪዎች በሙያቸው ብቻ እንዲጠሩ ተስማምተናል፤ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕግ መምህሩ፦ መልሴ «አይገባም» ነው፤ ምክንያቴም ከኤጀንሲው መተዳደሪያ ደንብ ይነሣል። የደንቡ ሰባተኛ አንቀጽ የኤጀንሲው ሠራተኛ ከውጭ ከየትኛውም አካል ትእዛዝ እንዳይጠይቅም እንዳይቀበልም ይከለክላል። የስለላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማዘዝ አያስፈልገውም፤ የትኛውን ሰነድ እንደሚሰጥና የትኛውን በካዝናው እንደሚያስቀር መምረጡ ብቻ ተንታኙን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ለመምራት ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ስጦታ ለማቅረብ ዐቅሙ ያላቸው ጥቂት አገሮች መሆናቸው፣ የሚያቀብሉትም ስለ ወዳጆቻቸው ሳይሆን ስለ ባላንጣዎቻቸው መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ለመግዛት ተዋውላለች ለማለት የቀረቡትን ሰነዶች እናስታውስ። በጊዜው የኤጀንሲው ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መሐመድ ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን 2003 ሰነዶቹ እውነተኛ አለመሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት ገለጹ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ። የሐሰቱ መጋለጥ ያስቀረው ነገር አልነበረም።

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ የጠቀሱት ምሳሌ ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ይመሰክራል። ሰነዶቹ ለወራት ሲጠየቁ ቆይተው ለኤጀንሲው የተሰጡት በፌብሩዋሪ 2003 ነበር፤ ሐሰትነታቸውን ለማወቅም ልዩ መሣሪያ አላስፈለገም። በኦክቶበር 2000 ተጻፈ በተባለ ደብዳቤ ግርጌ የሰፈረው የኒጀር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስም፣ ከዚያ ሥልጣን በ1989 የለቀቀ ሰው ስም ነበር። ይህን ማንም ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ሊያጣራው ይችላል። ሠላዮች ያላጣሩትን ተንታኞች ያጣሩት ከእነርሱ የበለጠ ዕውቀት ስለነበራቸው አይመስለኝም፤ በሙያችን አንድ ደብዳቤ ሲደርሰን የምንጀምረው ከፍሬ ነገሩ ሳይሆን ከዳር ዳሩ ስለሆነ ነው። ቀኑ ከሳምንቱ ዕለት ጋር ይገጥማል ወይ? መሥሪያ ቤቱ በዚያ ዓመት በዚህ ስም ይጠራ ነበር ወይ? ፈራሚው በዚያ ቀን በዚያ ወንበር ላይ ነበር ወይ? ዋናው አንቀጽ የሚነበበው ከእነዚህ በኋላ ነው። ኤጀንሲው በእርስዎ ሐሳብ ተመርቶ «አልቀበልም» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ወረቀቶች ገለልተኛ ዓይን ሳያያቸው እንደ እውነት በተጠቀሱ ነበር።

ሕጉን በተመለከተም ሰባተኛውን አንቀጽ ሲያነቡ ስምንተኛውን ዘለውታል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ አባል አገር ለኤጀንሲው ይረዳል ብሎ የሚያስበውን መረጃ ሊያቀርብለት እንደሚገባ ተጽፏል፤ መረጃው በምን መንገድ የተገኘ እንደሆነ የሚለይ ቃል የለበትም።

የፊዚክስ መምህሩ፦ እኔ በሁለታችሁ መካከል ነኝ፤ ሰነድ ከማመን ቁስን ማመን ይቀለኛል። ሰሜን ኮሪያ በ1992 ያሳወቀችው ከተቃጠለ የኑክሌር ነዳጅ አንድ ጊዜ ብቻ በኬሚካል የተለየ 90 ግራም ያህል ፕሉቶኒየም ነበር። ለአንድ ቦምብ ይበቃል ተብሎ በኤጀንሲው የተቀመጠው መጠን 8 ኪሎ ግራም ስለሆነ ቁጥሩ ቢታይ ተራ የላቦራቶሪ ሙከራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፕሉቶኒየም የራሱ ሰዓት አለው። በውስጡ ያለው ፕሉቶኒየም 241 በ14 ዓመት ገደማ ወደ ግማሹ እየቀነሰ ወደ አሜሪሲየም 241 ይለወጣል፤ ነዳጁ በኬሚካል በሚለይበት ዕለት አሜሪሲየሙ ስለሚወገድ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዮንግብዮን ከሚባለው የሰሜን ኮሪያ የኑክሌር ግቢ የተወሰዱት ናሙናዎች ሲለኩ ሰዓቱ የተጀመረው አንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ዓመታት ብዙ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ስለላ አላስፈለገም፤ ከተከፈቱላቸው ክፍሎች በጨርቅ ተጠርጎ የተወሰደ ብናኝ በቃ። ስለዚህ የኔ ጥያቄ፣ ይህን የመሰለ መሣሪያ እያለ የሠላይ ወሬ ምን ይጨምራል የሚል ነው።

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ የሚጨምረው የት መጥረግ እንዳለብን ነው። ታሪኩን ካነሡት እስከ መጨረሻው እንከተለው። ናሙናው መግለጫው ጎደሎ መሆኑን ነገረን፤ የጎደለው የት እንደሄደ ግን አልነገረንም። በፌብሩዋሪ 1993 በዝግ ለተሰበሰበው፣ የኤጀንሲው ውሳኔ ሰጪ አካል ለሆነው የገዥዎች ቦርድ የቀረቡት የአሜሪካ የሳተላይት ምስሎች፣ የኑክሌር ቆሻሻ የሚከማችበት የሚመስል ቦታ አፈር ለብሶ ሲደበቅ በየጊዜው ያነሷቸው ምስሎች ነበሩ። ቦርዱ ቦታዎቹ ለቁጥጥር እንዲከፈቱ የጠየቀው ሁለቱን አጋጥሞ ነው። ናሙናው ብቻውን ቢሆን ክርክሩ በላቦራቶሪ ስሕተት ተሳብቦ በቀረ ነበር፤ ምስሉ ብቻውን ቢሆን ደግሞ የሕግ መምህሩ ዛሬ ያሉት ሁሉ በዚያን ዕለት በተነገረ ነበር።

የ1991ዱ ኢራቅም ያው ነው። ተቆጣጣሪዎቻችን አልቱዌይታ በሚባለው የኢራቅ የኑክሌር ምርምር ግቢ የተገለጹላቸውን ክፍሎች እየጎበኙ መዝገቡን ትክክል ነው ሲሉ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ያልተገለጸ ሥራ ይካሄድ ነበር። ማንም አልዋሸንም ብንል ይቻላል፤ የተጠየቀው ሁሉ ተመልሷልና። ኤጀንሲው ያልተገለጹ ቦታዎችንም እንዲመለከት ሥልጣኑን ያሰፋው የ1997ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል የመጣው ከዚህ ኀፍረት ነው።

የሕግ መምህሩ፦ የአንቀጽ ስምንትን ነገር እቀበላለሁ፤ መረጃውን መቀበል ሕገ ወጥ አይደለም። ተቃውሞዬን ግን አላነሣሁም፤ ይልቁንም ወደ ትክክለኛው ቦታው ላዛውረው። በተመርማሪው አገር ቦታ ሆኜ ልናገር፤ ናሙና ከኔ ግቢ ሲወሰድ አያለሁ፤ ግማሹ እኔው ዘንድ ይቀመጥልኝ ብዬ መጠየቅም እችላለሁ። የንግድ ሳተላይት ምስልም ቢሆን ገዝቼ ልመለከተው እችላለሁ። ሠላይ ያመጣውን ሰነድ ግን ተከሳሹ አያየውም። በኢራን ላይ የቀረቡት ከጦር መሣሪያ ጋር የተያያዙ ጥናቶች ናቸው የተባሉ ሰነዶች ዋና ምሳሌ ናቸው። ኢራን ሰነዶቹ ሐሰት ናቸው አለች፤ ኤጀንሲው ደግሞ ቅጂዎቹን ለኢራን ለመስጠት ከአቀባዮቹ ፈቃድ እንዳላገኘ በራሱ ሪፖርቶች ጽፎ፣ እንዲፈቅዱለት ደጋግሞ ጠየቀ። ሊያየው በማይችለው ሰነድ ላይ መልስ ስጥ የሚባል ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ተጨማሪ ፕሮቶኮሉ በአራተኛ አንቀጹ ጥያቄ ወይም አለመጣጣም ሲኖር አገሩ የማብራራት ዕድል ይሰጠው ይላል፤ የማብራራት ዕድል ደግሞ የሚብራራውን ነገር ከማየት ይጀምራል።

የቀድሞው ዲፕሎማት፦ ጣልቃ ልግባ፤ ሁላችሁም የምትነጋገሩት መረጃ ስለ መስጠት ነው። እኔ በስብሰባ አዳራሾች ያየሁት ትልቁ ጉዳት የመጣው ከመንፈግ ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2007 በሶርያ ዴር ኤዝ ዞር አንድ ሕንፃ በአየር ተደበደበ፤ ስለ ሕንፃው የተሰበሰበው መረጃ ለኤጀንሲው የተሰጠው ግን በአፕሪል 2008 ነው። ተቆጣጣሪዎች በጁን ሲደርሱ ፍርስራሹ ተጠርጎ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆሞ ነበር። ያገኙት በሰው ሥራ የተቀነባበሩ ጥቂት የዩራኒየም ቅንጣቶችን ነው፤ ኤጀንሲው «ሳይገለጽ የተሠራ የኑክሌር ማብላያ መሆኑ በእጅጉ ይገመታል» ለማለት እስከ 2011 ፈጀበት። ኤልባራዳይ የድብደባውንም የመረጃውን መዘግየትም አጥብቀው ነቅፈዋል። እንግዲህ የሕግ መምህሩ ያቀረቡት ክልከላ ቢጸድቅ፣ ለኃያላኑ የሚያስተላልፈው ትርጉም «የምታውቁትን ለቪየና አትንገሩ፤ ራሳችሁ ጨርሱት» የሚል ይሆናል።

በሌላ በኩል ቅሬታው የደካሞች ብቻ አይደለም። በ2013ና በ2014 አገርን እንደ አንድ ሙሉ ጉዳይ ስለሚመረምረው የቁጥጥር ስልት ቦርዱ ሲወያይ፣ ሦስተኛ ወገን በሚያቀብለው መረጃ ላይ ጥያቄ ካነሡት መካከል ሩሲያ አንዷ ነበረች፤ እርሷ ደግሞ የስለላ ዐቅም አነሳት የምትባል አገር አይደለችም።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ተንታኟ «የት እንደሚጠረግ» ያሉት አሳምኖኛል፤ ናሙና ራሱ የሚናገረው ግን ሁልጊዜ የከሳሹን ቋንቋ አይደለም። ዩራኒየም በሚበለጽግበት የኢራን ቦታ በናታንዝ በ2003 ከተጠረገው ናሙና በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ፣ ለቦምብ ሊውል የሚችል የዩራኒየም ቅንጣቶች ተገኙ። ኢራን ቅንጣቶቹ ከውጭ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ጋር የመጡ ናቸው አለች፤ ብዙዎቻችንም ሳቅን፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ። በ2005 ከፓኪስታን የመጡ፣ ዩራኒየም የሚያበለጽጉ የሴንትሪፊዩጅ ማሽኖች ክፍሎች ሲመረመሩ አብዛኛው ቅንጣት በርግጥ ከእነርሱ ጋር የሚመሳሰል ሆነ። በአንጻሩ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር በ2018 በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ስለጠቆሙት የቴህራን መጋዘን ኤጀንሲው በፌብሩዋሪ 2019 ናሙና ሲወስድ የዩራኒየም ቅንጣት ተገኘ፤ አጥጋቢ ማብራሪያም አልቀረበበትም። አንዱ ተከሳሹን፣ ሌላው ከሳሹን ደገፈ። ቅንጣቱ ማን እንደ ጠቆመ አያውቅም።

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ ሰዎች የእኛ ሥራ በምሥጢር ፖስታ የተሞላ ይመስላቸዋል፤ የዕለት ተዕለቱ ግን ንባብ ነው። ግብፅ በ2004 ላይ የተጠየቀችው ሠላይ ጠቁሞባት አልነበረም። በአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣኗ ያሉና የነበሩ ባለሙያዎች በይፋ ያሳተሟቸው ጽሑፎች፣ ለኤጀንሲው ያልተገለጸ ቁስና ሙከራ መኖሩን ስለሚያመለክቱ ነው። ሳይንቲስት ሥራውን ማሳተም ይወዳል፤ የትኛውን ቁስ በስንት ግራም እንደተጠቀመ «የሙከራው ዘዴ» በሚለው ክፍል ራሱ ይጽፈዋል። የእኛ ድርሻ ያንን ግራም ከመግለጫው ሠንጠረዥ ጎን ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ሕግ መምህሩ ዋና ነጥብ ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለባለቤቱ ልናሳየው የማንችለው ሰነድ በሪፖርት ውስጥ እንደ ማስረጃ መጠቀስ የለበትም። በጥቆማነት ይቀመጥ፤ ምስል እንድናዝ፣ የንግድ መዝገብ እንድንፈትሽ ያድርገን፤ ለአገሩ የሚላከው ጥያቄ ግን እኛው ባገኘነውና ልናሳየው በምንችለው ነገር ላይ ብቻ ይቁም። ከ10 በላይ አባል አገሮች የሰጡት መረጃ ተጠቃሏል ተብሎ የወጣው የ2011 የኢራን ሪፖርት ዓባሪ በዚህ ሚዛን ቢሆን አጭር ይሆን ነበር። አጭር መሆኑ ደግሞ አይጎዳውም።

የሕግ መምህሩ፦ ይህን ያህል መቅረብዎን አመሰግናለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀራል። ጥቆማ ራሱ ንጹሕ አይደለም። «በዚህ ጣሪያ ሥር ሴንትሪፊዩጅ አለ» ተብሎ የተነገረው ሰው ምስሉን ሲመለከት ጣሪያውን አያይም፤ ሴንትሪፊዩጁን ነው የሚያየው። ይህን ሕግ አያድነውም።

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ ሕግ አያድነውም፤ የሥራ ልማድ ግን በመጠኑ ያድነዋል። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው አገር፣ ስሙን ስለማልጠራው ሌላ አገር፣ አንድ የመጋዘን ግቢ ጠቆመን። ምስሉን አዘዝኩ። በስምንት ወር ልዩነት በተነሡ ሁለት ምስሎች ላይ ከግቢው በስተ ሰሜን የአፈሩ ቀለም ተለውጧል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ አዲስ ቁፋሮም ይታያል። ለእኔ ከመሬት በታች የሚዘረጋ የአየር ማስገቢያ ነበር፤ ለማንም በድፍረት በተናገርኩት ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ምስሎች የቦታውን ስም፣ አገሩንና የተጠቆመውን ሳልነግረው ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት።

የቀድሞው ዲፕሎማት፦ ምን አየበት?

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ ጥላውን ለክቶ የጉድጓዱ ጥልቀት ከአንድ ሜትር እንደማይበልጥ ነገረኝ፤ የቁፋሮውን አቅጣጫም ተከትሎ ከግቢው ውጭ ወዳለ ወንዝ አወረደው። የጎርፍ ማፍሰሻ ነበር። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያን ወንዝ አይቼው ነበር፤ በዚያው ምስል ላይ ነበርና።

የሕግ መምህሩ፦ ለጠቆማችሁስ አገር ምን ተባለ?

የቀድሞዋ ተንታኝ፦ በመዝገባችን ላይ «የሚደግፈው ነገር አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ ለተጠቆመውም አገር ጥያቄ አልተላከም። የአቀባዩ አገር ልዑክ ሁለት ጊዜ መጥቶ ለምን እንደዘገየን ጠየቀ። ተጨማሪ ነገር ካለው እንዲያመጣ ነገርነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም።