ከኋላ መስርቶ መውጣት በእርግጥ «ቅንጦት» ነውን?

ናሁሰናይ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ ስለ ከፍተኛ ሊግ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ስላለው ሁለተኛ እርከን፣ ሲተነትኑ የነበሩት ሰው «ከኋላ ኳስ መስርቶ መውጣት ለታችኛው ሊግ ቅንጦት ነው» ብለው ሲደመድሙ ሰምቼ ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ከኋላ መስርቶ መውጣት ማለት በረኛው ኳሱን ርቆ ከመጠለዝ ይልቅ ለተከላካዮቹ ሰጥቶ በአጭር ቅብብል ወደ ፊት መሄድ ነው። ማስረጃቸው ያው የተለመደው በረጅም ኳስ የተጫወተው የዊምብልደን ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የእንግሊዝን አራተኛ ዲቪዚዮን አሸንፎ በ1986 ወደ አንደኛው አደገ፣ በ1988 ደግሞ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ረትቶ የኤፍ ኤ ካፕን ወሰደ። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ በረጅም ኳስ ማደጉ ሌላው በቅብብል ማደግ እንደማይችል እንዴት ያረጋግጣል? እስከ 2005 አራተኛው እርከን ላይ የነበረው ስዋንሲ በሮቤርቶ ማርቲኔዝ እየተመራ በ2008 ሦስተኛውን እርከን፣ ሊግ ዋንን፣ ኳስ ተቆጣጥሮ አሸነፈ፤ በ2011ም ፕሪሚየር ሊግ ገባ።

ጋሽ በቀለ፦ ሰውየው ልክ ናቸው። ስዋንሲ በ2005 አዲስ ስታዲየም ገብቶ ነው ያንን ሁሉ የሠራው። የእኛ የከፍተኛ ሊግ ቡድኖች ግን በአንድ ከተማ ተሰባስበው፣ በአንድ ሜዳ በቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ እያደረጉ፣ ኳሷ ከእግር ሥር እየነጠረች ነው የሚጫወቱት። እንዲህ ባለ ሜዳ በረኛው ለመሐል ተከላካዩ አጭር ኳስ ሲሰጥ ለተጋጣሚው ግብ እንደሰጠ ይቆጠር።

መቅደስ፦ ጋሽ በቀለ፣ ያ አዲስ ስታዲየም የኦስፕሬይስ የራግቢ ቡድንም ሜዳ እንደነበረ ዘነጉት መሰለኝ፤ የራግቢ ተጫዋች የረገጠው ሣር ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ደግሞስ ቅንጦት ማለት ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ከሆነ፣ የረጅም ኳስ ወዳጆች በየጊዜው የሚጠቅሱት ዋትፎርድ በአሠልጣኝ ግሬም ቴይለር ዘመን ከአራተኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ በ1983 ከሊቨርፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ የክለቡ ሊቀ መንበር ኤልተን ጆን ነበሩ። ባለጸጋ ዘፋኝ የሚመራው ክለብ የድህነት ምሳሌ ሆኖ መቅረቡ ይገርመኛል።

ዘሪሁን፦ ዘፋኙን እንተወውና ቁጥሩን እንይ። ቻርልስ ሪፕ የተባለው የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ ከ1950 ጀምሮ ጨዋታዎችን በእርሳስ እየመዘገበ፣ ከአሥር ግቦች ስምንቱ ገደማ የሚቆጠሩት ከሦስት ባልበለጠ ቅብብል መሆኑን አሳይቷል። ቁጥር ደጋፊ የለውም።

ናሁሰናይ፦ ወንድሜ ዘሪሁን፣ የሪፕን መዝገብ ሌላኛውን ዓምድ ለምን ዘለልከው? ከተመዘገቡት የኳስ እንቅስቃሴዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ከሦስት ቅብብል አይበልጡም ነበር። ከዘጠና በመቶ በላይ ሙከራ አድርጎ ሰማንያ በመቶ ግብ ያገኘ አጨዋወት፣ በቀረው ጥቂት ሙከራ ሃያ በመቶ ካገኘው በምን ይበልጣል?

ዘሪሁን፦ ስሌቱን እቀበላለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልቀበልም። ረጅም ቅብብል የሚሳካው ተጋጣሚ ሲደክም ወይም ከመጀመሪያውም ደካማ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ግቡን ያመጣው ቅብብሉ ይሁን የተጋጣሚው ድካም ከመዝገቡ አይታወቅም። በተጨማሪም ረጅም ኳስ ዝም ብሎ መጠለዝ አይደለም። ሁለተኛውን ኳስ፣ ማለትም ከአየር ላይ ግጭቱ ተመልሶ የሚወድቀውን፣ የሚለቅም አማካይ በቦታው ይቆማል፣ የቆመ ኳስ (ቅጣት ምትና ማዕዘን ምት) በልምምድ ይጠናል፤ በ1988ቱ ፍጻሜ የዊምብልደኑን የዋይዝን ቅጣት ምት የቡድን ጓደኛው ሳንቼዝ በግንባሩ ያገባው በአጋጣሚ አልነበረም። አሠልጣኙ ጆን ቤክም በካምብሪጅ ዩናይትድ ሳለ የማዕዘኑን ሣር ያሳድግ የነበረው ኳሱ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው እንዲቆምለት ብሎ ነው።

መቅደስ፦ ስለ ካምብሪጅ ስላነሣህ አመሰግናለሁ፤ ሜዳን እንደ አጨዋወትህ ማዘጋጀት እንደሚቻል መሰከርክልኝ። ለረጅም ኳስ ሣር ማሳደግ ብልሃት ከተባለ፣ ለቅብብል ሣር ማሳጠር ለምን ቅንጦት ይባላል? ያ ቡድን በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ደጃፍ ደርሶ በቀጣዩ ዓመት መውረዱንም ጨምርበት።

የቡና ልጅ፦ በ2013 ዓ.ም. ካሳዬ አራጌ ያሠለጠኑት ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ሲወጣ፣ አቡበከር ናስር 29 ግብ ሲያስቆጥር ያየ ሰው ይህን ቃል ከአፉ አያወጣም።

ጋሽ በቀለ፦ ልጄ፣ የምንነጋገረው ስለ ከፍተኛ ሊግ ነው፤ ቡና ከመቼ ወዲህ ነው ከፍተኛ ሊግ የገባው? ደግሞ በዚያ ዓመት ዋንጫው የፋሲል ከነማ ነበር።

የቡና ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የማን ደጋፊ እንደሆኑ ሁላችንም ስለምናውቅ ሁለተኛነትን ቢንቁ አንቀየምም። በዚያ ዓመት የእርስዎ ቡድን ከማን በታች እንደነበረ ግን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ጋሽ በቀለ፦ የእኔ ቡድን ስንት ዋንጫ እንዳለው ከቆጠርን ይመሻል፤ ይቅር። እኔን የሚያሳስበኝ አሠልጣኙ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ ይባረራል። ተከላካዮቹ ጫና ውስጥ ሆነው መቀባበል እስኪለምዱ ድረስ የሚታገሠው ቦርድ የት አለ? እኔ ቅንጦት የምለው ያንን ጊዜ ነው።

መቅደስ፦ እንግዲህ መጀመሪያ ሜዳው ነበር፣ አሁን ደግሞ የቦርድ ትዕግሥት ሆነ። እንዲያ ከሆነ የሬዲዮው ሰው መውቀስ የነበረባቸው አሠልጣኝ ቀያሪዎቹን ቦርዶች እንጂ ኳሷን አልነበረም።

ዘሪሁን፦ ቦርዱ ይወቀስ፤ ቅዳሜ ግን ጨዋታ አለ። በ88ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመራህ፣ ሁለት አጥቂ እየሮጠበት፣ በረኛህ ኳሱን ለማን ይስጥ?

ናሁሰናይ፦ ነፃ ለሆነው ተጫዋች።

ዘሪሁን፦ ነፃ የሆነው እኮ ከመሐል መስመር ማዶ ነው ያለው።