የአባቴ ባይኖኩላር የየትኛው ዘመን ነው?

ጥያቄ፦ የጎንደሯ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተዉልን አንድ የጀርመን ባይኖኩላር አለ። ምሥራቅ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ፣ በ74 ነው ያመጡት። ዓይን በሚገባበት በኩል፣ በግራና በቀኝ ጥቁር ክዳን አለው። በአንዱ ላይ «ካርል ዛይስ ዬና» እና «ዲዲአር» ይላል፣ ቁጥርም አለው። በሌላው ላይ «ዬኖፕቴም 8×30 ደብሊው»፣ ከሥሩ ደግሞ «መልቲ-ኮትድ» ይላል።

ጎረቤታችን «የሂትለር ጦር ዕቃ ነው፣ ብዙ ብር ያወጣል፣ ልሽጥላችሁ» እያለ ይነዘንዘናል። ወንድሜ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ «በ74 መልቲ-ኮትድ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ፎርጅድ ነው» ይላል። ማንን ልመን? በዚያ ላይ ሳይበት ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሆንብኛል።

መልስ፦ የላይፕዚጉ
የጎረቤትሽን ወሬ «ዲዲአር» የምትለው ጽሑፍ ብቻዋን ትዘጋዋለች፤ የምሥራቅ ጀርመን ስም በጀርመንኛ ሲያጥር ነው። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1949 ነው። ሂትለር ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። መንግሥቱ ያበቃው ደግሞ በ1990 ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ቁጥር ፍለጋ ዕቃሽ በነዚህ ሁለት ዓመታት መሐል ይወድቃል።

ከጦርነቱ በኋላ የሌንስ ፋብሪካው ዛይስ ለሁለት ተከፍሏል። ዬና ከተማ ያለው በምሥራቅ ቀረ፤ አሜሪካኖች ይዘዋቸው የወጡት ባለሙያዎች ደግሞ ምዕራብ ውስጥ ኦበርኮኸን የሚባል ቦታ አዲስ ፋብሪካ አቆሙ። በስሙ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰዋል። ወደ ምዕራብ ይላኩ በነበሩ አንዳንድ የዬና ዕቃዎች ላይ «አውስ ዬና» (ከዬና) ብቻ ተጽፎ የምታገኚው ለዚህ ነው። ያንቺ ላይ ሙሉ ስሙ አለ።

መልስ፦ አሮጌ ዕቃ ወዳጅ
የጦርነቱን ጊዜ ባይኖኩላር በእጄ ይዤ አይቻለሁና ልጨምር። ብዙ ጊዜ «ዲንስትግላስ 6×30» ይላል፤ «ዲንስትግላስ» የአገልግሎት መነጽር ማለት ነው። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ጠላት ፋብሪካውን እንዳያውቅ ስሙን ትተው ሦስት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ይቀርጹ ጀመር። «ቢኤልሲ» ዛይስ ነው፣ «ቢኢኤች» የጀርመኗ ቬትስላር ከተማ ፋብሪካ ላይትስ፣ «ሲኤጂ» የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ። የዛይስ ስም ከ«ዲዲአር» ጋር የተጻፈበትን ዕቃ አይቶ «የሂትለር ጦር» የሚል ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

መልስ፦ ወፍ ተመልካች
ወንድምሽ ያነበበው ልክ ነው፣ የሳተው ካላንደሩን ነው። መልቲ-ኮትድ (ሌንሱ ነጸብራቅ የሚቀንስ ብዙ ድርብ ቅባት አለው ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ የዬና ባይኖኩላሮች ላይ የመጣው በፈረንጅ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ግን አባትሽ በ74 አመጡት ሲባል የእኛው 1974 አይደል እንዴ? እሱ በፈረንጅ 1981 መስከረም ላይ ጀምሮ 1982 ላይ ያልቃል። እንዲያውም ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። በፈረንጅ በ70ዎቹ መጨረሻና በ82 መሐል የተሠራ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ላይ ምናልባት «ቲ» የምትል ፊደል ታገኛላችሁ። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የሌንስ ቅባት የዛይሱ ባለሙያ ስማኩላ በፈረንጅ 1935 ነው ያወጣው። ምልክቱ ይቺው «ቲ» ናት።

«ደብሊው» ሰፊ እይታ ማለት ነው፤ 1 ኪሎ ሜትር ላይ 150 ሜትር ስፋት ታዪበታለሽ። ለወፍ አሪፍ ነው፣ በእኔ ቤት አይሸጥም።

የጎንደሯ
ካላንደሩን አንዳችንም አላሰብነውም! ወንድሜ አፍሮ ተደብቋል። ግን ፎርጅድ አለመሆኑን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ አሮጌ ዕቃ ወዳጅ
ቤቱን አጨልሚና የስልክሽን መብራት ከጎን፣ ክዳኑን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጊ። የእውነተኛው ፊደል ብረቱ ውስጥ የተቀረጸ ነው፣ ነጭ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ታዪዋለሽ። ከላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ተጠራጠሪ። ፎርጅዶቹ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ብዙ ዕቃ ላይ ይደገማል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ጎግል ላይ መትተሽ እዪው። ፊደሉ ከቆሸሸ በጥርስ መፈቅፈቂያ እንጂ በሽቦ እንዳትነኪው። ዓመቱን የበለጠ ማጥበብ ከፈለግሽ ቁጥሩን ይዘሽ ዬና ላለው የዛይስ መዝገብ ቤት መጻፍ ትችያለሽ።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አትጠብቂ። በብዛት የተሠራ ሞዴል ነው።

መልስ፦ ካሜራ ጠጋኙ
ስለ ሁለት ሁለት መታየቱ ማንም አልመለሰም። ወድቆ ያውቃል?

የጎንደሯ
አዎ፣ ከቁም ሳጥን ላይ።

መልስ፦ ካሜራ ጠጋኙ
በቃ፣ ፕሪዝሙ (ውስጡ ያለው ብርሃኑን የሚያዞረው መስታወት) ከቦታው ተንቀሳቅሷል። አንድ ዓይን ጨፍነሽ በየተራ እዪበት። ለየብቻ ጥርት ካለ ሌንሱ ደህና ነው፣ የጠፋው የሁለቱ መግጠም ብቻ ነው። ማስተካከያው ከፊት ሌንሶቹ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች ናቸው። በዓይን ግምት እንዳትነኪያቸው፤ ዓይን ጉድለቱን እየሸፈነ ያታልላል፣ ኋላ ራስ ምታት ነው ትርፉ። ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሰው ፈልጊ።

እስከዚያው ከፊት በኩል ባትሪ አብሪና ወደ ውስጥ ተመልከቺ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው። ያኔ ከቆዳ ማህደሩ አውጪውና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ቆዳው እርጥበት ይይዛል።