ስለ ህንድ ካስት እየጻፍኩ ተጣብቄያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ህንድ ማኅበራዊ ለውጥ፣ በተለይም ስለ ካስት (በትውልድ ስለሚወረሰው የማኅበራዊ ደረጃ ክፍፍል) የጀመርኩት ወረቀት አንድ ቦታ ላይ አላላውስ ብሎኛል።

ታሪኩ ገብቶኛል። የ1950ው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ሰውን «የማይነካ» ብሎ ማግለልን ከልክሏል። በፌዴራል ደረጃ ለዳሊቶች (ድሮ «የማይነኩ» ለሚባሉት) 15 በመቶ የመንግሥት ሥራና የትምህርት ኮታ አለ። በ1990 የጠቅላይ ሚኒስትር ቪ ፒ ሲንግ መንግሥት በማንዳል ኮሚሽን (ኋላ ቀር የተባሉ መደቦችን ባጠናው አካል) ምክር ለሌሎች ኋላ ቀር መደቦች (ከዳሊቶች ውጭ ላሉ ዝቅተኛ ካስቶች) 27 በመቶ የሥራ ኮታ ሲያውጅ ተቃውሞው ራስን እስከ ማቃጠል ደረሰ።

ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ኮታውን ለማግኘት የካስት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ታዲያ ሕጉ ካስትን አዳከመው ወይስ ማኅተም መታበት? ከተማ ውስጥ አብሮ መሥራትና መብላት ቀሏል። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛው ሰው ዛሬም ከጃቲው (ከተወለደበት ንዑስ ካስት) አይወጣም። (አራቱ ቫርናዎችማ፣ ማለትም ዋናዎቹ የካስት እርከኖች፣ ቀላል ናቸው፤ ጃቲዎቹ ግን በሺዎች ናቸው!)

ደግሞ በ2019 ለድሆች ተብሎ የተጨመረው 10 በመቶ ኮታ ድሃ ዳሊትን አያካትትም። ይሄን የመደብ ለውጥ ልበለው የካስት?

መምህሬ «መለኪያህን ምረጥ» ብለውኛል። ጋብቻን ልያዝ፣ ሥራን ወይስ የፖለቲካ ምርጫን? በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ መንገዱን ብቻ ጠቁሙኝ።