የቅስቀሳ ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት? (የየካ አባዶ ጎረቤታሞች ክርክር)

ጠያቂው፦ ጎረቤቶቼ፣ ትናንት ታክሲ ስንጠብቅ የጀመርነውን ወሬ እዚህ እንጨርሰው። ፓርቲዎች ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ በሕግ ጣሪያ ይበጅለት? እኔ ይበጅለት ባይ ነኝ። በ2013ቱ ምርጫ አንዱ ሞንታርቦ ጭኖ ሠፈሩን ሲያናውጥ፣ ሌላው እጩ ወረቀት ይዞ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በእግሩ ይወጣ ነበር። ይሄ እኩል ውድድር ነው?

ባለሱቁ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብን ያን ያህል አትፍራው። በ97ቱ ምርጫ መንግሥት የያዘው ፓርቲ ሁሉ ነገር ነበረው። አዲስ አበባ ላይ ግን ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ። ሰው በቴሌቪዥን ክርክሩን አየ፣ አመዛዘነ፣ መረጠ። እኔ የምጮኸው ለክርክር ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ክርክሩንም እፈልገዋለሁ። ግን እጩው አዳራሽ መከራየት ካቃተው፣ በራሪ ወረቀት ማሳተም ካልቻለ፣ እዚህ ዳር ላለነው ማን ያስተዋውቀናል? መንግሥት በምርጫ ቦርድ በኩል ለፓርቲዎች ድጋፍ ይሰጣል። ሲከፋፈልም የሴት እጩዎች ብዛት ይታያል። ይሄን በጣም እወደዋለሁ፤ መጠኑ ግን ይጨመር።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሕጉን አንብቤዋለሁ። የምርጫው አዋጅ 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ድርጅት፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሒሳቡም በኦዲተር መመርመር አለበት። ስለ ጣሪያው ደግሞ ዓለምም አልተስማማም። በፈረንጅ አቆጣጠር እንግሊዝ በ1883 የእጩዎችን ወጪ በሕግ ገደበች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1976 የወጪ ገደብ ሐሳብን የመግለጽ መብት ይነካል ብሎ ሻረው።

ሹፌሩ፦ እኔ የመንግሥት መኪና ነው የምነዳው። አንድ ቅዳሜ ሰው ወደ ድጋፍ ስብሰባ አመላልስ ተባልኩ። ነዳጁ የመሥሪያ ቤቱ፣ አበሌም ከዚያው። ስመለስ የመኪናው ምልልስ መዝገብ ላይ «የሥራ ጉዳይ» ተብሎ ተጻፈ። እስኪ ንገሩኝ፣ ይሄ ወጪ በየትኛው ፓርቲ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል? ጣሪያ ብታበጁ ይሄን አይነካውም። ያን ቀን አልፈልግም ማለት ነበረብኝ። ልጆቼን አሰብኩና ነዳሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠያቂው፦ ወንድሜ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቤን ቀየርክብኝ። እኔ የማስበው በደረሰኝ የወጣውን ብር ብቻ ነበር። ለካ ትልቁ ወጪ ደረሰኝ የለውም። መኪናው፣ አዳራሹ፣ የሠራተኛው ቅዳሜ። የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ ማዋል ክልክል ነው። ታዲያ መጀመሪያ ይሄ ይቆጠር። ጣሪያው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የለጋሾች ስምም ቢሆን ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

ባለሱቁ፦ እዚህ ላይ አልስማማም! ባለፈው ጊዜ መዋጮ ተብዬ ሰጥቻለሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «እናመጣለን» አሉኝ፤ ሳያመጡ ቀሩ። ያ ልክ አይደለም፣ ይስተካከል። ግን ስሜ ይለጠፍ ካላችሁኝ ለተቃዋሚ አምስት ሳንቲም አልሰጥም። ንግድ ፈቃዴን ላድስ ስሄድ ማን ከጎኔ ይቆማል? ይፋ ማድረግ የሚጎዳው ደካማውን ፓርቲ ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ ያሉት አስፈርቶኛል፤ እውነትም አለው። ግን ትልልቁ ነጋዴ መሬትና ጨረታ አስቦ የሚሰጠውን ካላወቅን፣ መንገዳችን ለምን እንዳልተሠራ በምን እናውቃለን?

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንለያየው። ትንሹ መዋጮ በፓርቲው መዝገብ ይያዝ፣ ኦዲተርና ቦርዱ ይዩት፣ ስም ግን አይውጣ። ትልቁ ከነስሙ ይፋ ይሁን።

ባለሱቁ፦ ትልቁ ከስንት ብር ይጀምራል? እሱን ንገሪኝና እንነጋገር።

ሹፌሩ፦ የእኔ ቅዳሜስ በስንት ብር ይታሰብ?